ግልጽ ደብዳቤ፦ አሜሪካ ውስጥ ወንድ ልጅ ለምናሳድግ ሀበሾች

ውድ ወገኖቼ፣

የምጽፍላችሁ ከሜሪላንድ ነው። የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ነኝ። በአንድ ሚድል ስኩል የመምህር ረዳት ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ቦታዬ ከክፍሉ ኋላ ነው። ንባብ የከበደውን ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አግዛለሁ። የተበሳጨውን ኮሪደር አውጥቼ ውኃ አጠጣለሁ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ፊት የቆመው የማያየውን ያያል።

ሁለት ልጆች እኩል ይንጫጫሉ። አንዱ በስሙ ተጠርቶ «ተው እንጂ» ይባላል። ሌላው ቢሮ ይላካል። የሚላከው ብዙ ጊዜ ጥቁር ወንድ ልጅ ነው። መምህሯ ክፉ ሆና አይደለም። አብሬያቸው የሠራሁት መምህራን አብዛኞቹ ልጅ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ግን ዓይናቸው ቀድሞ እሱ ላይ ያርፋል። ይህንኑ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 በመሣሪያ ለክተውታል (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለትንንሽ ልጆች አስተማሪዎች ቪዲዮ አሳዩአቸውና «ረብሻ ሊነሳ ስለሚችል ነቅታችሁ ተከታተሉ» አሏቸው። ቪዲዮው ውስጥ ምንም ረብሻ አልነበረም። የአስተማሪዎቹ ዓይን ግን ከሁሉም አብልጦ ጥቁሩን ወንድ ልጅ ሲከተል ተገኘ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ቢሮ በር ላይ ከተደረደሩት ልጆች መካከል ሀበሻውን ከጥቁር አሜሪካዊው ለዩ ብትባሉ አትችሉም። ስማቸው ካልተጠራ እኔም አልችልም። ርእሰ መምህሩም አይችልም። የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ቅጽ ላይም ምልክት የምናደርግበት ሳጥን አንድ ነው።

እኛ ግን ቤት ውስጥ እንለያለን። «ከነሱ ጋር አትግጠም» እንላለን። «አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ፣ እንደነሱ አትሁን» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ታሪኬን ልንገራችሁ። ትልቁ ልጄ ስድስተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨረሰ። ሂሳብ በጣም ይወዳል። ለሰባተኛ ክፍል የምደባ ወረቀቱ ሲመጣ ዝቅተኛው የሂሳብ ክፍል ገብቷል። እኔ ዝም አልኩ። መምህር ያለው ልክ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። እናትና አባቴ የኔታን ወይም አስተማሪን ሲጠይቁ አይቼ አላውቅም። ደግሞ እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ውስጥ እየሠራሁ፣ ሥርዓቱን እያወቅሁ፣ የራሴ ልጅ ሲሆን አፌ ተያዘ።

የሂሳብ ምደባ እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ላይ አልጀብራ የወሰደ ልጅ በተለመደው መንገድ 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። ያልወሰደ ልጅ ለመድረስ የሆነ ዓመት ላይ ሁለት ኮርስ ደርቦ መውሰድ ወይም ክረምቱን መማር አለበት። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ መንገዱ የሚጠብበት ገና በ12 ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ማንም «በር እየተዘጋብህ ነው» ብሎ አይነግረውም። ወረቀት ብቻ በፖስታ ይመጣል።

ጎረቤቴ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ሆስፒታል የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። ልጇ ከልጄ ጋር እኩያ ነው። ደረጃ ላይ ተገናኝተን እንዴት ነሽ ስትለኝ እንባዬ መጣ፤ ነገርኳት። «ቀጠሮ ያዢ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ። በቀጠሮው ቀን ከሌሊት ሥራዋ እንደወጣች፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። ስብሰባው ላይ ብዙ አልተናገረችም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። በምን መለኪያ ተመደበ? የፈተና ውጤቱን እናቱ ማየት ትችላለች? መልሱን በጽሑፍ ልታገኝ ትችላለች? ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ክፍል ተቀየረ። ውጤቱ ድሮውንም ለከፍተኛው ክፍል የሚያበቃ ነበር። ያየው ሰው ነው ያልነበረው።

ድፎ ዳቦ ጋግሬ ቤቷ ሄድኩ። ማመስገን ብቻ አልነበረም ዓላማዬ። ልጄን ከልጇ ጋር እንዳይጫወት ከልክዬው እንደነበር ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ልጄ ነግሮኛል።» እያወቀች ነው አብራኝ የሄደችው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ጉሮሮዬ ይያዛል። ወንድሟም በልጅነቱ እንዲሁ ዝቅተኛ ክፍል ተመድቦ እንደነበርና እናታቸው ምን ብላ እንደምትጠይቅ ስላላወቀች እዚያው እንደቀረ አጫወተችኝ። ሦስቱን ጥያቄዎች የተማረችው ከዚያ ነው።

«የኛ ልጆችኮ ደህና ናቸው፣ ችግሩ የነሱ አስተዳደግ ነው» የሚሉኝ አሉ። ወዳጆቼ፣ ይህን የምትሉ ሰዎች ጎረቤታችሁን አታውቋትም ማለት ነው። እሷም እንደኛ ሌሊት ትሠራለች። እሷም የልጇን ደብተር ታያለች። ልዩነቱ፣ የሷ አያቶች በሕግ ተለይቶ በተሠራላቸው፣ የነጮች ልጆች ጨርሰው የጣሉትን መጽሐፍ በሚማሩበት ትምህርት ቤት አድገዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ሕገ ወጥ ያለው በ1954 ነው። ከዚያም በኋላ የትምህርት ቤት በጀት ትልቅ ክፍል ከአካባቢው የቤት ግብር ስለሚመጣ፣ ባንክ ለቤት መግዣ ብድር የከለከለው የጥቁሮች ሰፈር ትምህርት ቤቱም ደካማ ሆኖ ቀረ። የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2017-18 የትምህርት ዘመን የሰበሰበውን ቁጥር ተመልከቱ። ጥቁር ወንዶች ከ100 ተማሪ 8 አይሞሉም። ለቀናት ታግደው ቤታቸው ከተላኩት ውስጥ ግን ከ100 ወደ 25 የሚጠጉት እነሱ ነበሩ። ይባስ ብሎ በቅድመ መደበኛው ጥቁር ሕፃናት ከ100 18 ሆነው ሳለ፣ ከታገዱት ከ100 43ቱን ይይዙ ነበር። የአራት ዓመት ሕፃን «ታግደሃል» ሲባል ምን እንደሚገባው አስቡት። ትምህርት ቤት አይፈልገኝም፤ ይህ ብቻ ነው የሚገባው። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ግባ ብሎ ማሳመን በጣም ይከብዳል።

የሚያጽናናው ነገር፣ ምን እንደሚሠራ ይታወቃል። ዝም ብሎ ተስፋ አይደለም፤ ተሠርቶ የታየ ነው።

አንዱ አስተማሪው ራሱ ነው። የኖርዝ ካሮላይና ተማሪዎችን መዝገብ ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ባለው ጊዜ ቢያንስ አንድ ጥቁር መምህር ያስተማራቸው ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ጥቁር ወንዶች ልጆች፣ ሃይስኩል የማቋረጥ ዕድላቸው በ39 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። አንድ መምህር! አንድ ዓመት! ታዲያ በአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ካሉ መምህራን ጥቁር ወንዶች ከ100 ሁለት አይሞሉም። ሳውዝ ካሮላይና የሚገኘው ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ከ2000 ጀምሮ ጥቁር ወጣት ወንዶችን ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት የሚያሠለጥን ፕሮግራም አለው። ከኛ ቤት ግን «መምህር ልሁን» የሚል ልጅ ሲነሳ ምን እንለዋለን? «ለዚህ ነው አሜሪካ ያመጣሁህ?» እንለዋለን። እባካችሁ ይህን አንበል። አገር ቤት መምህር የሚከበር ሰው ነበር።

ሌላው አስተያየት አሰጣጥ ነው፤ ይህን በየቀኑ በሥራዬ አየዋለሁ። ተመራማሪዎች የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰት አሳርመው፣ ለግማሾቹ ወረቀት ላይ አንዲት አጭር መልእክት አከሉ። «ይህን ሁሉ አስተያየት የጻፍኩልህ ከአንተ ብዙ ስለምጠብቅና እንደምትችለው ስለማውቅ ነው» የሚል መንፈስ ያላት። መልእክቷ ያልደረሳቸው ጥቁር ተማሪዎች ድርሰታቸውን አሻሽለው የመለሱት ከ100 17 ነበሩ። መልእክቷ የደረሳቸው ከ70 በላይ። እኔም ካነበብኩት ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ። ልጁ ወረቀቱን አጨማዶ ሊጥል ሲል ቆም ብሎ ያነባታል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቤት ውስጥም ይሠራል። «ለምን ቢ አመጣህ?» ከማለት በፊት «እንደምትችል አውቃለሁ» ማለት ምንም አያስወጣም።

አሁን ስለ አንድ ሰው ላውራችሁ፣ ምክንያቱም ሥራው እዚሁ ደጃችን ነው። ፍሪማን ራባውስኪ ይባላል። በርሚንግሃም አላባማ ተወልዶ አደገ። በ1963 ሕፃናት ለመብታቸው ሰልፍ ሲወጡ እሱም ወጣ፤ የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ አምስት ቀን ታሰረ። ሂሳብ ተማረ። ከ1992 እስከ 2022 ባልቲሞር ካውንቲ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ነበር። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የምንልክበት ያው ዩኒቨርሲቲ። ፕሬዝዳንት ከመሆኑ በፊት በ1988፣ ሜየርሆፍ ከሚባሉ ባልና ሚስት ጋር ሆኖ አንድ የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ጀመረ። በጊዜው በሳይንስ ትምህርት ጥቁር ተማሪዎች እየወደቁ ይወጡ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያዎቹ 19 ተማሪዎች ገቡ። ሁሉም ጥቁር ወንዶች ነበሩ። በኋላ ለሴቶችም፣ ከዚያም ለሁሉም ተከፈተ።

ምን አደረጉላቸው? ገንዘብ ሰጡ፤ ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ክረምቱን ቀድመው አስገብተው ሂሳብና ሳይንስ አስጠኗቸው። አብረው እንዲኖሩ፣ አብረው እንዲያጠኑ አደረጉ። አንዱ ሲወድቅ የሁሉም ጉዳይ ሆነ። ከፕሮፌሰሮች ላብራቶሪ አስገቧቸው። ዛሬ ያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የምርምር ዶክትሬት ዲግሪን አጣምረው የሚይዙ ጥቁር ተመራቂዎችን በማፍራት በአገሪቱ ግንባር ቀደም ነው። የኮቪድ ክትባት ምርምር ላይ ስሟ የተነሳው ኪዝሜኪያ ኮርቤት ከዚህ ፕሮግራም ነው የወጣችው።

አብሮ ማጥናት የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። በርክሌይ ላይ ዩሪ ትሬይስማን የሚባል የሂሳብ መምህር ጥቁር ተማሪዎቹ ካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ግራ ገብቶት ነበር። ሰነፎች መስለውት ሳይሆን፣ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚያጠኑ ተከታተለ። ጎበዝና ታታሪ ነበሩ። ግን ለየብቻ ነበር የሚያጠኑት። ቻይናውያን ተማሪዎች ደግሞ ማታ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ስህተት እያረመ፣ እየተከራከሩ ይሠሩ ነበር። መምህሩ በቡድን የሚሠሩበትን ክፍል ሲያዘጋጅላቸው የጥቁር ተማሪዎቹ ውጤት ከፍ አለ። ወገኖቼ፣ ይህኮ የኛ ነው! ቆሎ ተማሪ ቀድሞ ያወቀው ያላወቀውን እያስጠና ነው የሚማረው። እኛም ዶርም ውስጥ አንድ የተባዛ ወረቀት ለስድስት እየተቀባበልን ነው የቸከልነው። እዚህ መጥተን ግን ልጁን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ከላፕቶፕ ጋር ዘግተንበት «እያጠና ነው» እንላለን።

አትላንታ ያለው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለ። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ጥቂት መቶ ዶላር ጎድሏቸው ከምዝገባ ይሰረዙ ነበር። ያን ቀዳዳ በትንሽ በትንሽ ድጎማ መድፈን ጀመሩ። የተማሪውን ውጤት በየቀኑ እየተከታተለ፣ መንሸራተት ሲጀምር አማካሪ እንዲደውልለት የሚያደርግ ሥርዓትም ዘረጉ። በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል የነበረው የመመረቅ ልዩነት ጠፋ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ነገር አለ። ኮሌጅ የገባ ልጅ «ደህና ነኝ» ሲል ዝም ብለን አንመን። ስንት ጎደለህ፣ የቱን ኮርስ ጣልክ ብለን እንጠይቅ። የጎረቤታችንንም ልጅ እንጠይቀው።

ውለታ እንዳለብንም አትርሱ። ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ተስኪጊ ከሚባለው የጥቁሮች ኮሌጅ መካኒክነት ተማረ። ቺካጎ የሚገኝ የአቪየሽን ትምህርት ቤት ጥቁር አንቀበልም ሲለው፣ እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገብቶ እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ ተቀበሉት፣ አብራሪም ሆነ። በ1935 ኢጣሊያ ስትወረን መጥቶ ከኛ ጋር የቆመው ይህ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ የኢትዮጵያን ልጆች በረራ አስተማረ፤ በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ኢትዮጵያዊው ሐኪም መላኩ በያንም ዋሽንግተን ውስጥ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረው በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ነው። እኛ ራሳችን እዚህ እንድንገባ መንገዱን የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው እነሱ ለመብታቸው ሲታገሉና ሲደበደቡ በነበሩበት ዘመን ነው።

ዛሬ ልጃችሁ ቢታገድ ትምህርት ቤቱ ምክንያቱን ሊነግረውና የሱንም ቃል ሊሰማ ይገደዳል። ይህ መብት ከየት መጣ? ኮለምበስ ኦሃዮ ውስጥ በ1971 በዘር ውዝግብ መካከል ሳይጠየቁ የታገዱ ተማሪዎች ከሰው፣ በ1975 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅ ትምህርት ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ የሚያስገድደው ሕግም ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የተቀዳ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጃችሁ እንዲያስተረጉምላችሁ አታድርጉ፤ የራሱን ክስ ራሱ ሊተረጉም አይገባም። የልጃችሁን ሙሉ መዝገብ የማየት መብትም አላችሁ፤ ስትጠይቁ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳዩአችሁ ይገባል።

አሁን ልመናዬን ልናገር።

ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊዶች አስተዳዳሪዎች፣ ለኮሚኒቲ ማኅበራትም፦ አዳራሻችሁ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ባዶ ነው። ከመካከላችን ፋርማሲስት አለ፣ ኢንጂነር አለ፣ ነርስ አለ። በሳምንት አንድ ማታ ለሂሳብ ጥናት ክፈቱት። በሩ ላይ ግን «ለሀበሻ ልጆች» ብላችሁ አትጻፉ። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይሁን። ጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያኖች ይህን ሥራ ለብዙ ዓመት ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፣ ያሳዩአችኋል።

ለአባቶች፦ ድካማችሁን አውቀዋለሁ። ኡበር 12 ሰዓት ነድቶ የገባ ሰው ስብሰባ ሂድ ሲባል እንደሚከብደው ባለቤቴን አይቼ አውቃለሁ። ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ክፍሉ በር ላይ ታዩ። በ11 ዓመት ውስጥ አባቱ የመጣለት ልጅ ያን ቀን እንዴት ቀና ብሎ እንደሚሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስትመጡም አባት ያልመጣለትን ጓደኛውን ትከሻውን መታ አድርጉት።

ሁላችንም ደግሞ የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ላይ እንገኝ። ተመዝግቦ ለመናገር የሚሰጠው ጊዜ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ነው። ጥያቄያችን አንድ ይሁን፦ የሂሳብና የጎበዞች ክፍል ምደባ በመምህር ግምት ሳይሆን ሁሉም ልጅ በሚፈተነው ፈተና ይሁን። ፍሎሪዳ ውስጥ ብሮዋርድ ካውንቲ በ2005 ሁሉንም የሁለተኛ ክፍል ተማሪ መፈተን ሲጀምር፣ ለጎበዞች ክፍል የሚበቁ ጥቁርና ላቲኖ ልጆች ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። ልጆቹ ድሮም ነበሩ። በጀት ተቆርጦ ፈተናው ሲቀር ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ። ይህን ጥያቄ ሀበሻ ለብቻው ቢጠይቅ ማንም ልብ አይለውም። ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ስንጠይቅ ግን ቦርዱ ይሰማል፤ አዳራሽ ሲሞላ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

ልጄና የጎረቤቴ ልጅ አሁን አሥረኛ ክፍል ናቸው። ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሳሎናችን ውስጥ ሂሳብ ያጠናሉ። በቅርቡ ከላይኛው ፎቅ ሦስተኛ ልጅ ተጨምሯል። ጎረቤቴ ሥራ ስትገባ እኔ እራት አቀርባለሁ፤ እኔ ሳመሽ እሷ ታያቸዋለች። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ እናንተ ሰፈር ይህን መጀመር ከፈለጋችሁና ከየት እንደሚጀመር ከጨነቃችሁ፣ ማክሰኞ መጥታችሁ እዩ። በሩ ክፍት ነው።

አክባሪያችሁ፣
የሁለት ልጆች እናት
ከሜሪላንድ